በሁዳዴ የመጣ እልልታ

ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ጎንደር ስንሄድ ከፊቴ የተቀመጡት ሴትዮ ስልካቸውን ዘጉና በነጠላቸው አፋቸውን አፈኑ። ከጎናቸው ያሉት ሽማግሌ መሪጌታ ደነገጡ።

«ምነው ልጄ፣ ክፉ ወሬ ነው?»

«ኧረ ሸጋ ነው የኔታ! ልጄ በሰላም ተገላገለች።»

«እግዚአብሔር ይመስገን! ታዲያ ምነው አፍሽን ያዝሽ?»

«እልልታው ሊያመልጠኝ ነው። በሰላም ከወለደች፣ ወሬውን እንደ ሰማሁ እልል እላለሁ ብዬ ለማርያም ተስያለሁ።»

«በሁዳዴ?»

«ለፋሲካ ትደርሳለች ብዬ ነበር፤ ቸኮለች!»

«በጾሙ ከበሮውም እልልታውም ያርፋል እኮ።»

«እስከ ፋሲካማ እፈነዳለሁ!»

«እንግዲያው በልብሽ በይው።»

«ሞከርሁ የኔታ። በልቤ ስጀምረው ምላሴ አብሮ ይነሳል።»

የኔታ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ።

«ከበሮው የሚያርፈው የት ነው?»

«ቤተ ክርስቲያን።»

«ይቺ ማኪና ታቦት አላት?»

«የላትም።»

«ታዲያ ማርያምን ምን ታስጠብቂያታለሽ!»

እልልታው መስኮቱን አንቀጠቀጠው። ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሏቸው፤ ሾፌሩም በክላክስ አጀባቸው።

ወለቃ ስንደርስ «ወራጅ አለ» ልል አፌን ከፈትሁና፣ እልልታ እንዳያመልጠኝ ፈርቼ በእጄ አፈንሁት።