አትንኩትና ምራታቸው

ደም ለግሼ እንደጨረስኩ ነርሷ ሩብ ሰዓት ሳላርፍ እንዳልወጣ አስጠንቅቃ፣ አንድ ብርጭቆ ጭማቂና ሁለት ብስኩት አስይዛ ወደ ማረፊያ ክፍሉ ሸኘችኝ። ክፍሉ ጠባብ ነው። ከለጋሾች ወንበር ፊት ለፊት የደም ባንኩ ኮምፒዩተር ተቀምጧል፤ ከኮምፒዩተሩ ፊት ደግሞ ሁለት ሰዎች ይከራከራሉ። የሰው ወሬ ማዳመጥ ነውር መሆኑን ባውቅም፣ ተነስቼ መሄድ ስለተከለከልኩ አዳመጥኩ።

ሽማግሌው የባንኩን ፕሮግራም ከሃያ ዓመት በፊት ብቻቸውን የጻፉ ሰው ናቸው። ስለ ፕሮግራሙ ማንም ምን ቢጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ስለሆነ ሠራተኛው «አትንኩት» የሚል ስም አውጥቶላቸዋል። ዓርብ ጡረታ ይወጣሉ። ሴቲቱ የልጃቸው ሚስት ናት፤ ሰኞ ወንበራቸውን የምትረከበውም እሷው ናት። ጠረጴዛው ላይ አንድ የፈቃድ ወረቀት ተዘርግቷል። እሳቸው ከፈረሙ ፕሮግራሙ የተጻፈበት ኮድ ይስተካከላል፤ ካልፈረሙ እንዳለ ይቆለፍና እሷ አንብባ የማትረዳውን ነገር ብቻዋን ስትጠብቅ ትኖራለች።

«አባባ፣ ፕሮግራሙ የሚሠራው ሥራ አይለወጥም፤ ነርሶቹ የሚያዩትም ያው ነው» አለች። «የምናስተካክለው ውስጡን ነው፤ ሌላ ሰው ከፍቶ ቢያነበው እንዲገባው።»

«እኔማ ይገባኛል፣ ልጄ።»

«እርስዎ ዓርብ ይሄዳሉ።»

«ስልክ አለኝ።»

ምራት አማቷን እንደ ማንኛውም ባልደረባ አትጋፈጥም። ወረቀቱን አስተካክላ ወደ እሳቸው አስጠጋች።

«አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» አሉ አትንኩት። «ያለን ፕሮግራም ይኸው አንዱ ነው። ስታስተካክዪ ቢበላሽ፣ ኦፕሬሽን ክፍል የተኛችው እናት ‹ኮዱ እየጸዳ ነው፣ ትንሽ ታገሺ› ትባላለች?»

«አትባልም። ግን እንዲሁ ቢቀመጥም አንድ ቀን መበላሸቱ አይቀርም፤ ያኔ ደግሞ የት እንደተበላሸ የሚያውቅ አይገኝም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመችም ይባላል። አንቺ የምትፈልጊው እንዲያምር ነው፤ እኔ የምፈልገው እንዲፈጥን። ለአስቸኳይ ታማሚ የሚሰጠውን ደም የሚያሳየው የአስቸኳይ ዝርዝር፣ ነርስ ስትነካው ወዲያው መከፈት አለበት። ለዚህ ብዬ እዚያ ያለውን ሁሉ ለብቻው ጻፍኩት፤ ከሌላ የፕሮግራሙ ክፍል እየጠየቀ እንዳይዘገይ።»

«እኔ ግን ሦስት ወር ቢሰጠኝ ሁሉንም ከሥሩ እንደገና እጽፈው ነበር።»

«ይኸው! የፈራሁትም ይሄንኑ ነው።»

እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ትክክል መሰሉኝ፤ ይህ ደግሞ ለሰሚ አስቸጋሪ ነው። ፍጥነቱ ለታማሚ ይበጃል፣ መነበቡ ነገ ለሚረከበው፣ አለመነካቱ ለዛሬ ሰላም። ሦስቱንም እስከ ጥግ ማግኘት አይቻልም፤ አንዱን ብቻ የሙጥኝ ያለ ደግሞ ሌሎቹን ይጎዳል። ይህን እያሰብኩ ሳለ አትንኩት ወደ እኔ ዞሩ።

«እርስዎ ብስኩት ከሚበሉ ለምን አይገላግሉንም?»

«እኔ የመማሪያ መጽሐፍ አራሚ ነኝ» አልኳቸው። «እኛ ዘንድ አንድ ነገር ሲለወጥ መጀመሪያ የምንጠይቀው ስንት ገጽ ላይ እንደተጻፈ ነው። እናንተስ ዘንድ?»

ጥያቄው ደስ አላቸው። ከሁለት ወር በፊት ባንኩ የሚጠቀምበትን የደም ከረጢት ቀይሮ ነበር። በቀድሞው ከረጢት ደም አርባ ሁለት ቀን ይቆያል፤ በአሁኑ ሠላሳ አምስት ብቻ። ያን ያለፈ ለሰው አይሰጥም። «አርባ ሁለት የሚለው ቁጥር ስድስት ቦታ ነበር» አሉ በኩራት። «ስድስቱንም ብቻዬን በአንድ ከሰዓት በኋላ ቀየርኩ።»

«አሁን አርባ ሁለትን ብንፈልግስ ምን ይመጣል?» አለች ምራታቸው።

«አንድ ብቻ። የማቀዝቀዣው ማጣሪያ የሚጸዳው በየአርባ ሁለት ቀኑ ነው። ከደሙ ጋር ምንም አያገናኘውም። ሁሉን ላስተካክል የሚል ሰው ግን ቁጥሩ ስለተመሳሰለ ብቻ ከደሙ ጋር ያጋባው ነበር።»

ደንገጥ አለች። «ዕቅዴ ላይ አጋብቼዋለሁ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ፤ ከዚያም ቁጥሩን ጽፋ ፈለገች።

ሁለት መጣ።

አንዱ ማጣሪያው ነው። ሁለተኛው የአስቸኳይ ዝርዝሩ ነበር፤ ለፍጥነት ተብሎ ለብቻው የተጻፈው፣ የተረሳው ሰባተኛ ቦታ። ምራቲቱ ኮምፒዩተሩን ለእሳቸው ለቀቀች፤ በዚህ አከበርኳት። አትንኩት ዝርዝሩን ራሳቸው ከፈቱ። ሠላሳ ስምንት ቀን የሆነው አንድ ከረጢት፣ ከሰዓት በኋላ ለሚደረግ ኦፕሬሽን ተይዟል። ስልኩን አንስተው ወደ ማቀዝቀዣ ክፍል ደወሉ፤ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አንብበው ከረጢቱን አስወጡ፣ ሌላ አስተኩ።

«ባለፉት ሁለት ወራት በዚህ በኩል ቀኑ አልፎበት የወጣ አለ?» ሲሉ ጠየቁ።

እሷ ስትፈልግ እኔም ማኘኬን አቆምኩ። «የለም፣ አባባ። አንድም።»

«ጥንቃቄ ነው ብዬ ስኮራበት የኖርኩት ለካ ዕድል ነው» አሉ። አዘንኩላቸው። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላሉ። መከራው ደጃፍ ደርሶ ሳይገባ የተመከረ ሰው ግን ብዙ አላየሁም።

«እፈርማለሁ» አሉ። «ሁሉንም ከሥሩ ማለቱ ግን ይቅር።»

«ይቅር። ማጣሪያውን ሳይ እኔም ፈራሁ። መጀመሪያ ፕሮግራሙ ትክክለኛ መልስ መስጠቱን የሚፈትሽልኝ ነገር እጽፋለሁ። ከዚያ የደሙን ዕድሜ አንድ ቦታ አደርገዋለሁ፤ ማጣሪያው ለብቻው ይቀመጣል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ።»

«ፍጥነቱስ?»

«ለክቼዋለሁ። ቁጥሩን ከሌላ ቦታ ቢጠይቅ የሚጨምረው ጊዜ ለሰው አይታወቅም። እርስዎ ዝርዝሩን አስቀድመው አዘጋጅተው የሚያስቀምጡበት ዘዴ ግን እውነትም ፈጣን ነው። አያምርም፤ ግን ይቆያል። ለምን እንደዚያ እንደተጻፈ ከላዩ ማብራሪያ እጽፍበታለሁ።»

«አያምርም አልሽኝ?»

«ይቅርታ፣ አባባ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁና ፈረሙ። ጥቅሙ ለእኔ ለማላውቀውም ግልጽ ሆነልኝ፦ ከእንግዲህ ከረጢት ቢቀየር የሚታረመው አንድ መስመር ነው፤ የሚረከብ ሰው ያነበዋል፤ ነርስ አትጠብቅም፤ የተሳሳተም ሰው ስህተቱን ደም ሳይወጣ ያገኘዋል።

አትንኩት ቀጥለው የስህተት መመዝገቢያ ቅጽ ከመሳቢያ አወጡ።

«አባባ፣ ‹የፕሮግራም ስህተት› ብለው ይለፉት» አለች። «ዓርብ የሚሄድ ሰው ለምን ስሙን በክፉ ያስነሳል?»

«ፕሮግራም እጅ የለውም፣ ልጄ።»

ስማቸውን ከነአያታቸው ሞሉ። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ ብዕራቸውን ትንሽ አቆይተው እንዲህ ጻፉ፦ «አንዱን ሕግ ሰባት ቦታ ጻፍኩት፤ ስድስቱን አስታወስኩ።»