ቀጥኗል ተብሎ ስለተመለሰው የመሪ ዘይት

የምስክር ስም፦ ወይዘሮ ወለተሐና ገብረመንፈስቅዱስ
ዕድሜ፦ 56
ሥራ፦ የቅቤና የማር ንግድ
አድራሻ፦ ሸዋ ክፍለ ሀገር፣ አንኮበር
ቃሉ የተሰጠበት፦ ደብረ ብርሃን ፖሊስ ጣቢያ፣ ኅዳር 13 ቀን 1979 ዓ.ም.
ዝምድና፦ በአሻጥር ተጠርጥሮ ከታሰረው ሹፌር ፈረጅ ጋር ዝምድናም ጠብም የለኝም። የከሰሰው የገበሬዎች ማኅበሩ ንብረት ኃላፊ ወልደተንሣኤ ግን የወለድኩት ልጄ ነው።

ኅዳር 11 ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ማዳበሪያ በጫነው የማኅበሩ መኪና ወደ አንኮበር ለመመለስ ደብረ ብርሃን መጋዘኑ በር ላይ ነበርኩ። ፈረጅን የመሪው ዘይት ስለጎደለ ሊሞላ ቆርቆሮ ይዞ አገኘሁት። መሪው ፓወር ስቲሪንግ የሚባለው፣ በዘይት ጉልበት የሚቀል መሆኑን፣ መኪናው ውርጭ ላይ አድሮ አልዩ አምባ ቆላ ስለሚውል በብርድ የማይረጋ፣ ሲንቴቲክ የሚሉትን በፋብሪካ የተቀመመ ዘይት መርጦ ከአዲስ አበባ ማስመጣቱን ነገረኝ። እኔ ምን አውቄ! እሺ አልኩት።

በዚህ መካከል ልጄ መጥቶ ዘይቱን ጠብ አድርጎ በሁለት ጣቱ አሸው። ማር ስንገዛ የምናደርገው ነው፤ ከቀጠነ ውኃ ገብቶበታል። ይህንንም በጀርባዬ አዝዬው ገበያ ስውል ጀምሮ ከእኔ ያየው ነው። ዘይቱ ቀጭን ስለነበረ፣ ውኃ ቀላቅለህ ሸቅጠህበታል ብሎ ቆርቆሮውን መለሰበት። ፈረጅ "ጓድ፣ ተፈጥሮው ነው፤ ማር አይደለም እኮ" ቢለውም አልሰማውም። ከመጋዘን ወፍራም የሞተር ዘይት አምጥቶ በገዛ እጁ ሞላው። ፈረጅ በዚህ አልነዳም ሲል፣ ልጄ አሻጥረኛ ብዬ አስይዝሃለሁ ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ምን ያድርግ፤ ነዳ።

ከከተማው ከወጣን ጀምሮ መሪው ያቃስት ነበር። በዚያ ብርድ ፈረጅን ላብ አጥምቆት በሁለት እጁ ይታገላል፤ እሱ ዱዓ ያደርጋል፣ እኔ ማርያም ማርያም እላለሁ። የአንኮበር ቁልቁለት ሲጀምር፣ ጠምዛዛው ላይ መሪው አልዞር አለ። ፈረጅ ባለ በሌለ ጉልበቱ ታግሎ ገደሉን ትቶ ከዳገቱ ጋር አላተመው። ጭነቱ ላይ የነበረው ዘበኛ ገብረአማኑኤል እግሩ ተሰበረ፤ ማዳበሪያው ገደል ገባ። እኔ ዛሬ ቆሜ የምናገረው በፈረጅ ነው።

ልጄ ዘይቱን የቀየረው ፈረጅ ነው ብሎ ቃል መስጠቱን ስሰማ ዘገነነኝ። ትናንት ቤቴ ድረስ መጥቶ ጉልበቴን ስሞ "እማዬ፣ አላየሁም በይልኝ፤ ይወስዱኛል" አለኝ። ተላቀስን። አንድ ልጄ ነው፣ አንጀቴ ነው። ነገር ግን የፈረጅ ሚስት ኩብራ ልጇን አቅፋ እዚህ በር ላይ ተቀምጣለች፤ በምን ዓይኔ አያታለሁ? የቄስ ሚስት ሆኜ ኖሬ፣ በስተርጅና በሐሰት አልምልም።

ይህ ቃል ልጅዎን እንደሚያሳስር ያውቃሉ ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ አውቃለሁ ብያለሁ።

ዛሬ ለፈረጅ ስንቅ እዚሁ ከተማ ሠርቼ አምጥቻለሁ። የክርስቲያን ሥጋ ስለማይበላ ሽሮ ነው፤ ሳይቀዘቅዝ ይግባለት። ነገ ልጄን ያስገባችሁት እንደሆነ ዶሮ ሠርቼ እመለሳለሁ። እሱ የሚወደው ዶሮ ነው።

የተጻፈው ተነቦልኝ የእኔው ቃል ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የጨመርኩትም የደበቅኩትም የለም፤ ለእውነትነቱ የአውራ ጣቴን አሻራ አኑሬአለሁ።

የምስክሯ አሻራ ______
ቃሉን የተቀበለው፦ አሥር አለቃ ብርሃነ መስቀል ______