እምነት ተብሎ የተጫነው እባብ

የምስክሩ ስም፦ አቶ ሙላቴ ዓለምነው
ዕድሜ፦ 58
ሥራ፦ ሬዲዮ ጠጋኝ
አድራሻ፦ ደብረ ታቦር ከተማ
ቃል የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ረቡዕ ታኅሣሥ 10 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 8፡30
ቃል ተቀባይ፦ ምክትል ሳጅን ደሳለው

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተመዘገበው ወደ ጣቢያው የመጣሁት ስለ ጋቢዬ ለማመልከት ነው። ጋቢው አምና የተሸመነ ነጭ ጋቢ ሲሆን ፖሊስ ሰኞ ዕለት በኤግዚቢትነት ይዞብኛል። ከጉና ተራራ የሚወርደው የታኅሣሥ ነፋስ ኤግዚቢት የሚባል ነገር ስለማያውቅ፣ ጋቢው እንዲመለስልኝ፣ ካልተመለሰም ከጣቢያው አንድ ብርድ ልብስ እንዲታዘዝልኝ አመልክቻለሁ። ምክትል ሳጅን ደሳለው “ጋሼ ሙላቴ፣ ለጋቢ ብሎ ሦስት ሰዓት ወረፋ የሚጠብቅ ሰው የለም፤ የመጡበትን ይንገሩኝ” ስላለኝ የመጣሁበትን እናገራለሁ። የመጣሁት በእናንተ እጅ ስላለችው የእኅቴ ልጅ ስለ ትዝታ ነው። ሰኞ ዕለት እባቧ ስለነበረበት ሳጥን የተነገረውን ውሸት የተናገርሁት እኔ ነኝ። እሷ አልተናገረችም፣ አላወቀችምም።

ትዝታ የ31 ዓመት ሴት ስትሆን ኩዌት በሰው ቤት ሰባት ዓመት ሠርታ የዛሬ ሁለት ዓመት ተመልሳለች። የአሠሪዋ ልጅ እባብ በመስተዋት ሳጥን ያሳድግ ስለነበር መመገቡም ማጽዳቱም በእሷ ላይ ወደቀ። ሌሎቹ ከዐረብ አገር ወርቅ ይዘው ሲመጡ እሷ ይዛ የመጣችው ይህንኑ ትምህርት ነው። ዓመት ሙሉ ተመላልሳ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድ አወጣች፤ በጓሮዬ ባለች አንድ ክፍል ውስጥም አይጥ እየመገበች መርዝ የሌላቸውን እባቦች ታሳድጋለች። እኔ “እመት እባቢት” እያልሁ ስቀልድባት “ጋሼ፣ ከእርስዎ ምላስ የእነሱ ይሻላል” ትለኝ ነበር።

በኅዳር ወር አዲስ አበባ የሚኖር አንድ የእንስሳት ሐኪም በቤቱ የሚያሳድገው አንድ እባብ አዘዛት። የመጀመሪያ ገዢዋ ነበር። ችግሩ የማድረሻው መንገድ ሆነ። ከባሕር ዳር በአውሮፕላን ለመላክ ብትጠይቅ የሚፈለገው የእንጨት ሳጥንና የጭነቱ ኪራይ ከእባቡ ዋጋ በለጠ። አንድ የሚኒባስ ሾፌር “መኪናዋን ሙሉ ተከራዪ” አላት፤ ሌላው የእንስሳውን ስም ሲሰማ አማትቦ በሩን ዘጋባት። “ዝም ብለሽ ከእህል ጋር ብትጭኚውስ?” ብዬ ጠይቄያት ነበር። “ዛሬ ከደበቅሁት ሁልጊዜ እንደተደበቅሁ ልኖር ነው። ሰባት ዓመት በሰው ቤት ተደብቄያለሁ፤ ይበቃኛል። ፈቃዴን ከነጠቁኝ ደግሞ ተመልሼ እዚያው ነው” አለችኝ። በመጨረሻ የአንድ አውቶቡስ ማኅበር ኃላፊ የእባቡን የጤና ወረቀትና ፈቃዷን አይቶ እንዲጫንላት ደብዳቤ ሊጽፍላት ተስማማ።

ትዝታ እባቡን መንገድ ላይ እንዳያስመልሰው ሰባት ቀን ሳታበላ አቆየችው። የሳምንቱ መጨረሻ ሳይዘው እንዲደርስ ብላም ሰኞን መረጠች። በጨርቅ ከረጢት አድርጋ አፉን ቋጥራ፣ ውስጡ ፎም በተለበጠ ካርቶን አኖረችው፤ በጎኑም ትንንሽ ቀዳዳ አበጀችለት። በላዩ “ሕይወት ያለው እባብ፣ መርዝ የሌለው፣ ከብርድም ከሙቀትም ይጠበቅ” ብላ በትልቁ ጽፋ የፈቃዱን ቅጂ ለጠፈችበት።

ታኅሣሥ 8 ቀን ከንጋቱ 11፡30 መናኸሪያ ደረስን። ትዝታ ሳጥኑን ለእኔ ትታ ደብዳቤውን ለማስፈረም ወደ ማኅበሩ ቢሮ ሄደች። 12 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ፤ እሷ ግን አልመጣችም። አንድ ጫኝ ጽሑፉን አንብቦ “ይህን ጉድ ይዘህልኝ ጥፋ!” ብሎ ገፈተረኝ። እኔም ከአውቶቡሱ ኋላ ሄጄ ጋቢዬን አውልቄ ሳጥኑን ጠቀለልሁትና በፊት በር በኩል ዞሬ መጣሁ። ረዳቱ ባምላኩ ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ “ከጣራ ገዳም የመጣ እምነት ነው፣ አዲስ አበባ ላሉ ሕሙማን” አልሁት። እምነት ያልሁት ሕመምተኛ የሚቀባውን የተባረከ የገዳም አፈር ነው።

አውቶቡሱ ሊሄድብን ስለሆነ ብቻ አይደለም ይህን ያልሁት። ቀልዱ ስለጣመኝም ጭምር ነው። ባምላኩ ኮፍያውን አውልቆ ሳጥኑን ተሳለመ። ከፊት የተቀመጡት ሴቶችም እየተነሡ ተሳለሙት። ሳቄን በጥርሴ ይዤ “በክብር ቦታ ይቀመጥ” ስላልሁ ከሾፌሩ አጠገብ በሞተሩ ክዳን ላይ አኖሩት።

አውቶቡሱ እንደወጣ ትዝታ የተፈረመውን ደብዳቤ ይዛ ስትሮጥ መጣች። ያደረግሁትን እየሳቅሁ ነገርኋት። አልሳቀችም።

“የት ላይ አስቀመጡት?” አለችኝ።

“ሞተሩ ላይ፣ እንደ ንግሥት” አልኋት።

“ጋሼ! ብርድ ስለሆነ እኮ ነው የተኛው። ሲሞቀው ይነቃል። ደግሞ ሕመምተኛ እምነት አጠገቡ እያለ ዝም ብሎ ይሄዳል? ትንሽ ስጡኝ ይላል እንጂ!”

ሬዲዮ ያለ አስተማሪ መፍታትና መግጠም የቻልሁ ሰው ይህን አላሰብሁም። ትዝታ የባምላኩን ስልክ ከማኅበሩ ተቀብላ ብትደውል አይነሣም። በራሷ እግር ወደዚህ ጣቢያ መጥታ አውቶቡሱን መንገድ ላይ እንድታስቆሙላት ለመነች። ቁጭ ብላ ስትጠብቅ በመንገዱ ላይ ካለችው ከዓለም በር የአደጋው ወሬ ደረሰና እዚሁ አስቀራችኋት። ውሸቱን የተናገረው ማን እንደሆነ ስትጠየቅ “ሳጥኑ የእኔ ነው” ከማለት በቀር ሌላ እንዳልተናገረች ሰምቻለሁ።

ዓለም በር የሆነውን የነገረኝ ባምላኩ ነው። ፈንታነሽ የምትባል ባለትዳር ገበሬ የራስ ሕመም ጸንቶባት ባሕር ዳር ለሕክምና ስትሄድ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ነበር። ለግንባሬ ትንሽ እምነት ቆንጥሩልኝ ብላ ለመነችው። አዝኖላት ጋቢውን ከላይ ሳይሆን ከጎን ስለገለጠ ጽሑፉን ሳያይ ካርቶኑን ከፍቶ ከረጢቱን ፈታላት። እጇን ስትከት እባቡ ክንዷ ላይ ተጠመጠመ። ሾፌሩ ጩኸቱን ሰምቶ መኪናውን አቆመ። ፈንታነሽ ከበሩ ዘላ ስትወርድ ወድቃ ጭኗ ተሰበረ። እባቡን ተሳፋሪው በድንጋይ ገደለው። አንድም ሰው አልነከሰም።

ፈንታነሽ አስፋልቱ ላይ እንደወደቀች መጮህ ጀመረች። “እምነቱ እባብ የሆነው በእኔ ኃጢአት ነው! የየሺን መሬት በሐሰት ምዬ ወስጃለሁ!” ብላ ተሳፋሪው ሁሉ ሰምቷል። የሺ የምትላቸው የባሏ ሟች ወንድም ሚስት ናቸው። የዛሬ አራት ዓመት ሟቹ በሕይወት ሳለ ማሳውን ለእኛ ሰጥቶናል ብላ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በር ላይ በመማሏ መሬቱ ከወይዘሮ የሺ ተወስዷል። ሰኞ ማታ ባሏ ታደሰ ከእግዚአብሔር ጋር አልሟገትም ብሎ ማሳውን ሊመልስ ለሽማግሌዎች ቃል ገብቷል። ለእሑድ ድንበር ሊተክሉ ተቀጣጥረዋል።

ማክሰኞ ታኅሣሥ 9 ቀን ፈንታነሽ ተመልሳ ወደተኛችበት ወደ ከተማችን ሆስፒታል ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። እባቡ ከመጀመሪያውም እባብ እንደነበረ፣ ነገ ፖሊስ ዘንድ ሄጄ ይህንኑ እንደማስመዘግብ ነገርኋት። “አያባብሉኝ ጋሼ” አለችኝ፤ “ያ ሁሉ ሰው ሲሳለመው እምነት ነበረ። እኔ ስነካው ነው እባብ የሆነው።” ብምልላትም አላመነችኝም። ውሸቴን ያለ መሐላ ያመነ ሰው እውነቴን በመሐላ አልቀበልም አለኝ።

መዝገቡ ነገ ለዐቃቤ ሕግ እንደሚሄድ ሳጅን ደሳለው ነግሮኛል። ትዝታ እባቡን ለማሻገር ሐሰት ተናግራለች ተብሎ ከሄደ ፈቃዷ ይሰረዛል። ስለዚህ በሐሰት የተናገርሁት፣ ጽሑፉን በጋቢ የሸፈንሁት፣ ሞተሩ ላይ ያስቀመጥሁት እኔ ብቻ ስለሆንሁ እሷ እንድትለቀቅና እኔ እንድጠየቅ ብዬ…

ቃሌን ስሰጥ እዚህ ላይ እንደደረስሁ በሩ ተንኳኳ። ዕድሜያቸው ስድሳ የሚሆን፣ እግራቸው አቧራ የለበሰ ሴት ሳይፈቀድላቸው ገቡ። ሳጅኑ ውጭ እንዲጠብቁ ቢነግራቸው አልሰሙትም። ወደ እኔ ዞረው “የሺ ነኝ” አሉኝ።

“ፈንታነሽን የማስታምማት እኔ ነኝ። ትናንት የነገሯትን ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ሰማሁ። ታደሰ አልሰማም። እባብ ብቻ ነበር የሚል ወረቀት ከዚህ ከወጣ፣ ሚስቴ ደንግጣ ነው የቀባጠረችው ብሎ ቃሉን ያጥፋል። አንቱ ሰውዬ፣ እስከ እሑድ ዝም ይበሉልኝ። ሰኞ የፈለጉትን ያስጽፉ።”

ሳጅን ደሳለው አንዲት ልጅ ያለ ጥፋቷ ታስራ እንዳለች ነገራቸው።

“አራት ቀን ትታገሥ” አሉ። “እኔ አራት ዓመት ታግሻለሁ።”

ሳጅኑ ከቃሌ የምሰርዘው ወይም የማዘገየው እንዳለ ጠይቆኝ፣ የለም ብያለሁ።

ይህ ቃል ወይዘሮ የሺ በሩን ይዘው ቆመው እየሰሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቦልኛል። ማንም ሳያስገድደኝ በፈቃዴ የተናገርሁትና ሐሰት የሌለበት መሆኑን አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ሙላቴ ዓለምነው

የቃል ተቀባዩ ፊርማ፦ ምክትል ሳጅን ደሳለው

ታዛቢ፦ በቦታው የነበሩት ወይዘሮ የሺ በታዛቢነት የጣት አሻራ እንዲያኖሩ ተጠይቀው፣ ሳያኖሩ ወጥተዋል።