ለኮሚቴው የተደፈነ መንገድ

ጋሽ መርፌ በእጅ ጋሪ ያመጡትን ቀይ አፈር ጉድጓድ ውስጥ ገልብጠው በእግራቸው ሲደመድሙ፣ ቃሪያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ መሃል ተገጣጠሙ። ሌላ ልጅ ብትሆን እጅ ነስታ ታልፍ ነበር። ቃሪያ ግን በሰላምታ ብቻ የምታልፍ ልጅ አይደለችም። እናቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ አፏ ስለሚያቃጥል ሰፈሩ ቃሪያ ብሎ አስቀራት። ጋሽ መርፌም ስማቸው መርፌ አይደለም። ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሰፍተው ጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ሸሚዛቸው ሳይተኮስ ከበር የማይወጡ ሽማግሌ ናቸው። የሰፈሩ ተጠሪም እሳቸው ናቸው። ማን እንደመረጣቸው የሚያውቅ የለም፤ «ለምን እርስዎ?» ያለም የለም።

በማግስቱ የወረዳው ምክር ቤት ኮሚቴ ሊመጣ ነው። ኮሚቴው በየዓመቱ ሰፈር ለሰፈር ዞሮ ያያል፤ ከዚያ አዳራሽ ተቀምጦ ለማን መንገድ፣ ለማን ውኃ፣ ለማን ድልድይ ይቅደም ብሎ ይመዝናል። የወረዳው ኪስ አንድ ነው፤ እጁን የሚዘረጋው ግን ብዙ። ለዚህ ነው ጋሽ መርፌ ከጠዋት ጀምረው ሰፈሩን በሙሉ አስወጥተው ጉድጓድ ሲያስደፍኑ የዋሉት። ሌላው ደክሞት ገብቷል፤ የመጨረሻዋን ጉድጓድ እሳቸው ይዘዋል።

ይህ መንገድ ለጋሽ መርፌ የክብር ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ባለቤታቸው ኩላሊታቸውን ለማሳጠብ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ይመላለሳሉ፤ የሚወስዳቸውም እስከ ደጃቸው የሚገባው ሚኒባስ ነው። ሹፌሩ ደግሞ በቀደም ለት ቁርጡን ነግሯቸዋል፦ ዘንድሮ መንገዱ ካልተሠራ፣ ዝናብ ከገባ ወዲያ መኪናውን ወደ ውስጥ አያስገባም፤ ተሳፋሪ ዋናው አስፋልት ድረስ በእግሩ ይውጣ። ባለቤታቸው ከአልጋቸው ተነሥተው የግቢያቸው በር እስኪደርሱ እንኳ ሁለት ጊዜ ያርፋሉ። አስፋልቱ ድረስ? እሱን ጋሽ መርፌ አስበው መጨረስም አልቻሉም።

«በርቱ ጋሼ» አለች ቃሪያ ቦርሳዋን ከትከሻዋ እያወረደች። «ምን እየሠሩ ነው?»

«ዓይን የለሽም? መንገድ እያበጀሁ ነዋ። ነገ እንግዳ አለብን።»

«ኮሚቴው የሚመጣው መንገዱ መበላሸቱን ሊያይ አይደል?»

«እህ።»

«ታዲያ የተበላሸውን ዛሬ ከደበቅነው ነገ ምኑን ያያሉ?»

ጋሽ መርፌ ልጅቱ የምትቀልድባቸው መስሏቸው ቀና ብለው አዩዋት። አትቀልድም። ስለዚህ ለልጅ እንደሚነገር በቀስታ አስረዷት። እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል። ሰፈሩ ጽዱና ታታሪ መሆኑን ያየ ባለሥልጣን «እነዚህስ ይገባቸዋል» ይላል። አባቶቻችንም ያስተማሩን ገመናን መሸፈን ነው እንጂ ጉድን አደባባይ ማስጣት አይደለም። አምናም እንዲሁ አድርገን አልነበረም?

«አምና ሠሩልን?» አለች ቃሪያ።

አልሠሩም። ለላይኛው ሰፈር ጠጠር አለበሱለት። ለዚህ ግን ጋሽ መርፌ ምክንያት አላጡም፦ እዚያ የኮሚቴው ሰብሳቢ አክስት ትኖራለች። ካቻምናም ለገበያው ሰፈር የተሠራው በሷ ነው። እንግዲህ ይህችን አክስት እስካሁን በዓይኑ ያየ ሰው የለም። ብቻ በየዓመቱ ቤት ትቀይራለች፤ መንገድ የተሠራበት ሰፈር ሁሉ የሷ መኖሪያ ነው።

ቃሪያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ የምታውቀውን ነገረቻቸው። ባለፈው ሳምንት ክፍላቸው የምክር ቤቱን ስብሰባ እንዲያይ ተወስዶ ነበር። ስብሰባው በሩ ክፍት ነው፤ የፈለገ ገብቶ ይቀመጣል። ከዚህ ሰፈር ግን «ከፈለጉን ይጥሩን» እየተባለ ማንም ረግጦት አያውቅም። መጨረሻ ላይ ጥያቄ ያለው ተማሪ አለ ወይ ሲባል ጓደኞቿ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያዩ፣ እሷ እጇን አውጥታ የኛ መንገድ ለምን ሁልጊዜ ይዘለላል ብላ ጠየቀች። የወረዳው የመንገድ መሐንዲስ ተነሥታ መለሰችላት።

«ምን አለች?»

«‹በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ መንገዳችሁ ድልድል ያለ ነው፤ ጥቂት ዓመት ያቆያችኋል› አለች።»

«ድልድል ያለ ነው አለች?» በጋሽ መርፌ ፊት ላይ ኩራት ብልጭ አለ። ወዲያው ነገሩ ሲገባቸው ጠፋ። አካፋውን ከቀኝ ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩት። አክስትየዋ ከእጃቸው ያመለጠችው ያን ጊዜ ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እርስዎ ጋ ሱሪው የተቀደደበት ሰው ሲመጣ፣ ቀዳዳውን በካልሲ ጠቅጥቆ፣ ተኩሶ፣ አጣጥፎ ነው የሚያመጣልዎት?»

«እንዲህ ያለ ጅል ገጥሞኝ አያውቅም።»

«እነሱን ነገ ይገጥማቸዋል።»

ሽማግሌው ሊቆጡ ፈልገው ሳቁ። ቢሆንም ሰው ስለሳቀ ብቻ አይረታም፤ በተለይ ሸሚዙ የተተኮሰ ሰው። ልብስና ሰፈር አንድ አይደለም ብለው ተከራከሩ። ቁስሌን እዩልኝ ብሎ ጎዳና ላይ እግር መዘርጋት ልመና ነው፤ እሳቸው ደግሞ በዚህ ዕድሜያቸው ለማኝ አይሆኑም።

«ግብር ይከፍላሉ?» አለች።

«አንድ ዓመት አስተጓጉዬ አላውቅም።»

«የራሱን ገንዘብ የት አደረሳችሁት ብሎ የሚጠይቅ ለማኝ ይባላል? ደግሞ ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች ሚዛን ይዘው ነው የሚዞሩት። የኛን ጉድጓድ፣ የወንዝ ማዶዎቹን ድልድይ፣ የላይኛዎቹን ውኃ እየመዘኑ ነው። እኛ የኛን ከደበቅን ሚዛኑ ይዋሻል። ብናጋንንም ይዋሻል። የወንዝ ማዶዎቹ ከባሰባቸው ይቅደሙን፤ ግን ብሶባቸው ይቅደሙን እንጂ እኛ ተደብቀንላቸው አይሁን። ሐኪም ፊት ቀርቦ ሕመሙን የሚደብቅ ሰው አለ? በሽታውን የደበቀ...»

እዚህ ላይ ቃሪያ አፏን ያዘች። በሕይወቷ ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ ስትቀር ይህ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። የጋሽ መርፌ ባለቤት እግራቸው ማበጥ ሲጀምር ረጅም ቀሚስ መልበስ ጀመሩ። ሐኪም ቤት ሲሄዱም «የት ነው የሚያምዎት?» ሲባሉ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን፣ ትንሽ ድካም ብቻ ነው» ይላሉ። ወጣቱ ሐኪም ባሏ አላበላት ብሎ እንዳይታዘብ ፈርተው ነው። ጋሽ መርፌም አጠገባቸው ተቀምጠው፣ ነዝናዛ እንዳይባሉ፣ «ደህና ናት» እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቀሚሱ ተገልጦ እግሩ የታየ ቀን ኩላሊታቸው በኪኒን ከሚመለስበት አልፎ ነበር።

«ይቅርታ ጋሼ» አለች ቃሪያ። «እኔ ስለሳቸው ማለቴ...»

«መድኃኒት የለውም» አሉ ጋሽ መርፌ ተረቱን ራሳቸው ጨርሰው። አካፋውን መሬት ላይ አስተኙትና ጋሪው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

ሰው ጥሩ ክርክር ሰምቶ «አዎ» ይላል እንጂ እግሩን አያነሣም። እግሩን የሚያነሣው ክርክሩ ቤቱ ድረስ ገብቶ የራሱ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ነው።

«ታዲያ ምን ልሁን?» አሉ በመጨረሻ። «የደፈንኩትን መልሼ ልቆፍር?»

«አይ፣ ያማ ሌላ ውሸት ነው። እውነቱን ይንገሯቸው።»

«እሱ ነው እኮ የሚከብደው፤ መቆፈር ይቀለኝ ነበር።»

ቤት ገብተው ለባለቤታቸው ነገሩን ሲያጫውቱ፣ ባለቤታቸው ትራሳቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ «እኔ ደህና ነኝ ስል አንተ አብረህ ራስህን ትነቀንቅ ነበር» አሉ። «ነገ አትነቅንቅ።»

በማግስቱ ከመንገዱ አፍ ላይ ወንበር ተደርድሯል፤ ለስላሳ መጠጥ በባልዲ ውኃ ተነክሯል። ኮሚቴው በየዓመቱ ከዚህ ወንበር አልፎ አያውቅም፤ ተቀምጦ፣ ጠጥቶ፣ መንገዱን ከሩቅ አይቶ ይመለሳል። ጋሽ መርፌ ያሰቡትን ለጎረቤቶቻቸው ቀደም ብለው ነግረዋቸው ነበር። ፀጉር አስተካካዩ «ሊያዋርዱን ነው እንዴ?» ብሎ አኩርፎ ሱቁ ገብቷል፤ በሩን ግን ገርበብ አድርጎታል፤ ማኩረፉ እንዲታይ፣ ወሬውም እንዳያመልጠው።

ሰብሳቢው ከመኪና ወርደው አካባቢውን ቃኘት አደረጉና «ይህ ሰፈር መቼም የታደለ ነው፤ እንዲህ ያለ መንገድ ይዞ ምን ይጎድለዋል?» አሉ። ጎረቤቱ ሁሉ ፈገግ አለ። የጋሽ መርፌም አንገት ከልማዱ ተነሥቶ ሊነቀነቅ ነበር። ያዙት።

«ጌታዬ፣ ይህ የሚያዩት መንገድ አይደለም» አሉ። «አፈር ነው። ትናንት ለእናንተ ብለን የደፈንነው ነው። አንድ ዝናብ አይችልም።»

ሰብሳቢው ትሕትና መሰላቸው። ሽማግሌ መቼም ራሱን ዝቅ ማድረግ ይወዳል ብለው እየሳቁ፣ ጋሽ መርፌ «ኧረ በዚያ በኩል አይሂዱ፣ እዚያ ያለው ከላይ ብቻ ነው የሚያምረው» ሲሏቸው ሳይሰሙ ወደፊት ተራመዱ። አንድ እግራቸው ከአፈሩ ሥር ባለው ጭቃ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚት ገባ። ሲያወጡት እግሩ ወጣ፤ ጫማው ቀረ። ጎረቤቱ ሁሉ ፈገግታውን ዋጠ። ከፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ብቻ አንድ የታፈነ ሳቅ ወጣ።

መሐንዲሷ ግን አልሳቀችም። ብረት ዘንግ አምጥታ እዚህም እዚያም ወጋች፤ ዘንጉ ቅቤ ውስጥ እንደገባ ሰመጠላት። ጋሽ መርፌን ጠርታ ውኃው ከየት እንደሚመጣ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም አንዴ ጀምረዋልና ሁሉንም ተናገሩ፦ ጉድጓዱን የሚደፍኑበትን አፈር በየዓመቱ የሚዝቁት ከመንገዱ ዳር ካለው ቦይ ግድግዳ ነው። ቦዩ ተደርምሶ ተዘጋ፤ ውኃውም መሄጃ ሲያጣ መንገዱን ቤቱ አደረገው።

«ስለዚህ በደፈናችሁ ቁጥር መንገዱን እየቆፈራችሁት ነበር» አለች መሐንዲሷ።

«እንደዚያ ነው ልጄ» አሉ። «ጥፋቱ የኛም ነው።»

ይህን ሲሉ ቀና ብለው ነበር። መዋረድ እንደሚሰማቸው ጠብቀው ነበር፤ የተሰማቸው ግን ጠባብ ጫማ እንዳወለቀ ሰው ነው።

ውሳኔው በሚሰጥበት ቀን ጋሽ መርፌ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አዳራሹ ገቡ፤ ቃሪያም ከኋላ ተቀመጠች። ምክር ቤቱ ሲመዝን ዋለ። ድልድዩ ቀደመ፤ ወንዝ ማዶ ያሉ ሕፃናት ውኃ በሞላ ቁጥር ትምህርት ያቋርጣሉና፤ በዚህ ጋሽ መርፌም እጃቸውን አንሥተው ደገፉ። ለእሳቸው መንገድ አስፋልት አልተፈቀደም። የተፈቀደው፣ ነዋሪው ቦዩን ራሱ ሊከፍት፣ ወረዳው ደግሞ ውኃ በሚያቋርጥበት ቦታ ቱቦ ቀብሮ ጠጠር ሊያለብስ ነው፤ ያውም ዝናብ ከመግባቱ በፊት።

ከዚያ የውኃ ነገር ተነሣና የላይኛው ሰፈር ሽማግሌ ተጠየቁ። እሳቸውም ብድግ ብለው ኮታቸውን ቆልፈው «እኛስ ደህና ነን፣ ተመስገን» አሉ። እዚያ ሰፈር ቧንቧው ከደረቀ ወር እንዳለፈው ሰው ሁሉ ያውቃል።

አጠገባቸው የተቀመጡት ጋሽ መርፌ የሽማግሌውን ኮት ጫፍ ይዘው ወደ ወንበራቸው ጎተቷቸው።

«ወንድሜ፣ ይህን ቃል እኔም ብዬው ከፍዬበታለሁ» አሏቸው ዝቅ ባለ ድምፅ። «የጎደለህን ብትናገር የሚቀነስብህ ነገር የለም። ለሰው ስትናገር መጀመሪያ ራስህ ታውቀዋለህ፤ እኛ ቦያችንን የገደልነው እኛው መሆናችንን ያወቅነው ስንናገር ነው። የወረዳውም ገንዘብ በእውነተኛው ጉድለት ላይ ይውላል፤ የባሰበትም ይቀድማል። ካልተሰጠህ እንኳ ለምን እንዳልተሰጠህ ታውቃለህ፤ የማንንም አክስት አታማም። ደግሞ አንተ ብቻ አይደለህም የምትጠማው፤ ደህና ነኝ ስትል ቤትህ ያለችዋም አብራህ ደህና ናት ተብላ ትቆጠራለች። ተነሥና እንደገና ንገራቸው።»

ሽማግሌው ተነሡ። ኮታቸውን ፈቱ። ተናገሩም።

ዝናቡ ሲገባ ሹፌሩ እንደልማዱ እስከ ደጃፍ ገባ። ውኃው በቦዩ ሲወርድ ይሰማል። ጋሽ መርፌ ባለቤታቸውን ደግፈው አሳፍረው፣ መስኮቱ በኩል አስቀምጠው አጠገባቸው ተቀመጡ። ሚኒባሱ በጠጠሩ ላይ ቀጥ ብሎ ሲሄድ፣ አስፋልቱ ጋ ሳይደርስ፣ ባለቤታቸው ራሳቸውን በባላቸው ትከሻ ላይ ጣል አድርገው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ሹፌሩ በመስተዋቱ አይቶ «እትዬ ደህና ናቸው?» አላቸው።

«አይደለችም፤ ደክሟታል» አሉ ጋሽ መርፌ። «ግን ተኝታለች። ቀስ ብለህ ንዳ።»