«አለሁ» የሚለው ማነው?

(ቢሾፍቱ፣ የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን የሚሠራበት ወርክሾፕ፤ የማሽኑን ከርነል፣ ማለትም ሁሉን የሚያንቀሳቅሰውን ዋና ፕሮግራም፣ የጻፈው ምንተስኖትና ሞካሪዋ ሩሐማ ባዶ ማሽን ፊት ቆመዋል።)

ሩሐማ፦ ዘበኛው ሳይሠራ ከዚህ በር አይወጣም ብያለሁ።

ምንተስኖት፦ ደንበኛችን ወይዘሮ ጥሩአየሁ መልሰው ሊወስዱት መንገድ ላይ ናቸው። ደግሞ ዘበኛ የምትይውን ዋችዶግ ገጥሜለታለሁ። ፕሮግራሙ በየጊዜው «አለሁ» ካላለው ማሽኑን አጥፍቶ ያስነሳዋል። ሌላ ምን ላድርግልሽ?

ሩሐማ፦ ታዲያ ትናንት ቤታቸው ሙቀት መቆጣጠሪያው ክፍል ሥራ አቁሞ ደርቆ ሲቀር ለምን ዝም አለ? ሴትዮዋ ደውለው እንቁላሌን ሊቀቅልልኝ ነው አሉኝ። በአንድ እግር ጫማ ሮጬ ሶኬቱን የነቀልኩት እኔ ነኝ።

ምንተስኖት፦ እንቁላሎቹ ተርፈዋል ብለሻል።

ሩሐማ፦ እነሱማ ተርፈዋል፤ የጠፋው ጫማዬ ነው። ለመሆኑ «አለሁ» የሚለው ማነው?

ምንተስኖት፦ የከርነሉ የሰዓት ምት። ምንም ቢመጣ አይቆምም፤ ለዚያ ነው የመረጥኩት።

ሩሐማ፦ ምንም ቢመጣ?

ምንተስኖት፦ ሌላው ሁሉ ቢሞት እንኳ እሱ... ኧረ ጉድ።

ሩሐማ፦ ቀጥል እንጂ።

ምንተስኖት፦ አትሳቂ።

ሩሐማ፦ ቤቱ ሲቃጠል በመስኮት «ሰላም ነን» የሚል ሰው ቀጥረህ፣ ዘበኛውን ለምን አልጮኽክም ትለዋለህ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ፤ «አለሁ» የሚለው ሙቀቱን ለክቶ የጨረሰው ክፍል ይሁን።

ምንተስኖት፦ እሺ፣ እሱ ትንሽ ቢዘገይስ? ሴትዮዋ ፊት ማሽኑ ድርግም ብሎ ሲነሳ የት ልግባ?

ሩሐማ፦ የመዘግየቻ ጊዜ ጨምርለት። ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው።

ምንተስኖት፦ ቆይ... ይኸው፣ ቀየርኩት። ጫንኩት። አሁን ሙቀት መቆጣጠሪያውን ሆን ብዬ ላድርቀው?

ሩሐማ፦ አድርቀው።

ምንተስኖት፦ ደረቀ። እኔም አብሬ ደረቅሁ።

ሩሐማ፦ ተንፍስ።

ምንተስኖት፦ ዝም አለ እኮ... ጠፋ። ሩሐማ፣ ጠፋልሽ! ተነሳ። ማሞቂያውን ዘግቶ ነው የተነሳው፤ ሙቀቱንም እየለካ ነው።

ሩሐማ፦ ሥራው ሲገደልበት የሚጨፍር ሰው ገና ዛሬ አየሁ።

ምንተስኖት፦ ሁለቴ ደገምኩት፤ ሁለቴም ተነሳ። እንደገና ልግደለው?

ሩሐማ፦ ሦስቴ ገደልከው እኮ፣ ተው አሁን። መኪና ቆመ፤ ሴትዮዋ መጡ። ሳያዩህ የማሽኑን ክዳን ግጠም።

ምንተስኖት፦ የምን ክዳን? ይግቡና በገዛ እጃቸው ገድለው ሲነሳ ይዩት።