ጦጣዋን መርጠው ከወፏ ጋር የቀሩት መምህር ባህሩ

እዚህ ሪያድ፣ ሺፋ ሰፈር ድረስ መጥታችሁ ከእኛ ጋር የተቀመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህትና ወንድሞች፣ አላህ እግራችሁን ይባርክና፣ መምህር ባህሩ ዓሊዬ ማን እንደነበሩ ስሙልን።

መምህር ባህሩ ከአባታቸው ከአቶ ዓሊዬና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኑርያ በባሌ፣ ከሐረና ደን ሥር ተወልደው፣ አባታቸው ቀፎ ሲሰቅሉ ገመድ እያቀበሉ አድገው፣ በመምህራን ኮሌጅ የሕይወት ሳይንስ ተምረው፣ እዚያው በማስተማር ላይ ሳሉ ከወይዘሮ አፊፋ ጋር በኒካህ ተጣምረው አንዋርንና ናጃትን ወልደዋል።

ኑሮ ሲከብድ ወደ ሪያድ ተሻግረው፣ ከፊላቸው፣ ማለት አሠሪያቸው፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለው ማረፊያ ግቢው የሚያኖራቸውን እንስሳት ይጠብቁ ጀመር። ከእነዚያም መካከል ከገበያ የተገዙ፣ ከአገራቸው ደን የወጡ አንዲት ግራጫ ዘማሪ ወፍና አንዲት ጦጣ ነበሩ። ጁምዓ ጁምዓ ስንጠይቃቸው እንዲህ ያስረዱን ነበር፤ ወፏ እንቁላል ጣይ፣ ጦጣዋ ጡት አጥቢ ናቸው፤ ሁለቱም ከኢትዮጵያ በቀር የትም የሉም፤ ሊቃውንት ወፏን ከየትኛው ወገን እንደሚያስገቧት ሲከራከሩ ኖረዋል፣ ጦጣዋንም ከተራዎቹ ጋር ደባልቀው ሲቆጥሯት ቆይተዋል፤ ወፏ በየደጋው ደን ትገኛለች፣ ጦጣዋ ግን ኑሮዋም ቀለቧም ቀርከሃ ነውና ቀርከሃው ሲመነጠር እርሷም ታልቃለች።

በየቪላው የምንሠራ ሴቶችም ከአጥሩ ቀርከሃ እየቆረጥን፣ ከቆሻሻ ከረጢት ጋር እያወጣን እንልክላቸው ነበር። ከእኛ አንዷ ራዲያ፣ «መምህር፣ አጥሩ ሲሳሳ ማዳሜ ወደ ተርሂል እስር ቤት የምትልከው እኔን ነው ጦጣዋን?» ብትላቸው፣ «እህቴ፣ አንቺማ ሩዝም ትበያለሽ» ብለው አሳቁን።

በፈረንጅ 2013 በመንፉሐ ሰፈር ወረቀት የሌለው ስደተኛ አፈሳ መጥቶ ሰው ሁሉ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ እርሳቸውም ሊሄዱ ተነሡ። ከፊላቸው ያን ጊዜ ፍተሻ ፈርቶ፣ ከሁለቱ አንዷን ለዱር እንስሳት ተንከባካቢዎች ሰጥቶ ሌላዋን ሊያስቀር ወደደና፣ «ያላ፣ አንዷን ምረጥ፣ ኸላስ» አላቸው። የሚወዱት ወፏን ነበር፤ ንጋት ላይ ስትዘምር አገራቸው ያሉ ይመስላቸዋልና። ሆኖም፣ «ወፏ በአገሯ ብዙ እህት አላት» ብለው ጦጣዋን ሰጡ። ወደ ደኗ ትመለሳለች ተባለ፤ መድረሷን ግን አልሰማንም።

የመውጫ ወረቀታቸው ሲመጣ፣ «ወፏ እዚህ እንድትቀር ፈርጄባት ሳበቃ ጥያት እንዴት እሄዳለሁ?» ብለው ቀሩ። ወይዘሮ አፊፋ በስልክ ብዙ አልቅሰዋል፤ ለወፍ ብሎ ልጆቹን ትቶ የሚላቸውም ነበር፤ ክፉ አልመለሱም። ወፏ በዚያው በፈረንጅ አቆጣጠር በ2015 ክረምት ሞተች። ጓዛቸውን ሲሰበስቡ ኩላሊታቸው ጣላቸውና ከሆስፒታል ሳይወጡ በ2016 አርፈው፣ በሪያድ አፈር ተቀበሩ።

ከኋላቸው እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና በቀርከሃ የተዋወቅናቸውን እኛን እህቶቻቸውን ትተዋል። ጌታችን ፈርዶም አይተውምና፣ መምህር ባህሩን ብቻቸውን አይተዋቸው፤ ኣሚን።