ስም ያልነበረው ፈረስ

በሞተ ሰው ቀንቼ አውቃለሁ፤ ብትስቁም ሳቁ።

እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ቤታቸው እየሄድኩ ሆም ኬር የምሠራላቸው አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ አሉ። ቁርሳቸውን እንደበሉ የቅድመ አያታቸውን የውትድርና ፋይል ይዘረጉልኛል። ቅድመ አያትየው ከካናዳ የመጡ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ስደተኞች ልጅ ነው፤ እናት አባቱ ጨርቅ ፋብሪካ ሲለፉ እሱ ፈረሰኛ ወታደር ሆነ። ቁመቱ ተጽፏል፤ የዓይኑ ቀለም ተጽፏል፤ የተነቀለው ጥርሱ ሳይቀር ተጽፏል! የስደተኛ ልጅ እኮ ነው! የእኔም አያት ፈረሰኛ ነበሩ፤ ግን ፎቶ የላቸው፣ መቃብራቸው አይታወቅ። ቀናሁበት።

አንድ ቀን ወታደሩ ፈረስ ላይ ሆኖ የተነሳውን ፎቶ ሲያሳዩኝ፣ «ፈረሱስ ማን ይባላል?» አልኳቸው። ፋይሉን ቢያገላብጡ አጡት። «አልተጻፈም» አሉ። ይኼኔ ደረቴን ነፋሁ። «እኛ አገር ጀግና የሚጠራው በፈረሱ ስም ነው። የአያቴ ፈረስ ደመና ስለሚባል አገሩ ሁሉ አባ ደመና ነበር የሚላቸው» አልኳቸው። ፋይሉን አጠፉና፣ «ታድለሽ!» አሉኝ። ቅናታቸው ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር። የሥራ ሰዓቴን ጨርሼ እስከ ቤቴ፣ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ብቻዬን እየሳቅኩ ነዳሁ።

ሰኞ ስመለስ ፎቶው ፍሬም ገብቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ የወታደሩ ስም፣ ቀጥሎም በሽማግሌው የእጅ ጽሑፍ «ከፈረሱ ከደመና ጋር» ይላል።

«አማረበት አይደል?» አሉኝ ፈገግ ብለው።

ከአያቴ የቀረኝ አንድ ፈረስ ነበር፤ እሱንም የሰው ቅድመ አያት ተቀምጦበት አገኘሁት።